ዋናውና ወለዱ

ዋናዬ ፊዚክስ ነው፤ የብርሃን መንገዱ፣
ንዑሴ ንግድ ነው፤ ዋናና ወለዱ።
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣
ከላቦራቶሪ እወጣና ሌላ፣
ሌላ ሰው እሆናለሁ ማርቆስ ግቢ ውስጥ፣
ስለ ኮከብ ሳስብ ዋጋ የማገላብጥ።

«ሁለት እግር አለኝ ብለሽ ሁለት ዛፍ?» ይለኛል አንሙት፣
እሱ አንዱን ይዞ፣ እሱም ላይ ሆኖ እያመነታበት።

እኔስ መች ወደድኩት? አምና ሜዳልያ ያጠለቀው ዋለልኝ
መናኸሪያው በር ላይ፣ ስልክ እየጠገነ አገኘኝ፤
«ስክሪን ነው የምቀይር፣ ያው ብርሃን ነው» አለኝ።
በማግስቱ ጧት ሬጅስትራር ገባሁ፣
ከ«ፊዚክስ» በታች፣ በጠባቧ መስመር፣ «ንግድ» ብዬ ሞላሁ።

መምህር ልጃለም፣ ጠመኔ በጣቱ፣
ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍላል በፊቱ፦
«ግራው ከቀኙ ጋር እኩል ካልመጣ፣
የተደበቀ አለ፣ ወይ ሳይጻፍ የወጣ።»
ሳቄ መጣ፤ ይኼን ሕግ ጧት ተምሬዋለሁ፣
«ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል» ብዬ ጽፌዋለሁ፤
ስሙ ነው እንጂ ሌላ፣ ያው ነው አልኩ በሆዴ፣
በአንድ ሚዛን ተቀመጡ ፊዚክሴና ንግዴ።

ማታ በዶርማችን፣ ከላይኛው አልጋ፣
ቀመሩ በስተግራ፣ በስተቀኝ የዘይት ዋጋ፤
አንዳንዴ ይደባለቃል፤ የኤሌክትሮን ቻርጅ ላይ
ቫት ደምሬ ሰጥቻለሁ፣ ራሴም ሳላይ።

ለዕረፍት ቡሬ ስወርድ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣
የአባቴን የዱቤ ደብተር ጠየቅኩ የዚያኑ ማታ።
በርበሬ ነው ንግዱ፤ ገጹ ሁሉ ቀልቷል፣
ሲገልጡት ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል።
«ረጅሙ ሰውዬ፣ አንድ ፈረሱላ፤
ባለ ነጯ በቅሎ፣ ከበረዶው ኋላ፤
ስመኝ፣ የአበጀ ሚስት፣ ሦስት ሺህ ለማዳበሪያ» —
ከጎኑ ባዶ ነው፣ አራት ክረምት ወዲያ።

ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ፊቴን አኮሳተርኩ።
«ይኼ የማይሰበሰብ ሒሳብ ይባላል፤ ሰርዘው» አልኩ።

አልተቆጣም። መብራት ጠፍቷል፤ ሻማውን ሳበና፦
«ተከፍሏል እኮ ይኼ፣ ያኔ፣ ድሮ ገና።
ከጅጋ ገበያ ስመለስ፣ ብር ሞልቶ ሳይታወቀኝ፣
ከነበቅሎዬ ጠቅልሎ ሲወስደኝ፣
አበጀ ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣ ዘሎ የገባው ከነልብሱ፤
ዋናውን ያን ዕለት ከፍሎኛል እሱ።
ሁለት ዓመት ቆይቶ አንች መጣሽ፤
ወለዱን ከፈለግሽ መስታወት እይ፣ አንች ነሽ።»

ማርቆስ ተመለስኩ። ፈተናው ላይ ያው ጥያቄ መጣ፦
አራት ዓመት ያልተከፈለ ዱቤ ምን ይባላል፣ ከየትኛው ዓምድ ይውጣ?
የአባቴን መልስ ጻፍኩ፣ ወንዙንም፣ በቅሎውንም፤
ልጃለም በቀይ እስክሪብቶ፦ «ጥሩ ነው። ደረሰኝ ግን የለም።»
ከአሥር አራት።

በስልክ ነገርኩት አባቴን፣ እንዲስቅ ብዬ።
ዝም አለ። ቆየና፦ «መምህሩስ እውነት አለው፣ እማዬ።»

ለቅዳሜው ገበያ የደረሰኝ ጥራዝ ገዝቶ፣
ስመኝን ከበርበሬው ጆንያ ላይ አስቀምጦ፣ ካርቦኑን አስገብቶ፣
ጣቱ ሰማያዊ እስኪሆን ተጭኖ፣
የመጀመሪያዋን ቅጠል ጻፈላት፣ ፊርማውንም አግዝፎ።
እሷ አላነበበችም፤ አጣጥፋ ከመቀነቷ ጫፍ ስትቋጥር፣
የጻፈው ይኼን ነበር፦
«ሦስት ሺህ። ተከፍሏል። በብር።»

ግልባጩ እኔ ጋ ነው፣ የብርሃን ስብረት ምዕራፍ ላይ።
ትናንት አንሙት መጽሐፉን ተዋሰኝ፤ ገልጦ አንዲት ፊደል ሳያይ
አስነጠሰው።